የጎማ እጅ ሙከራ ለምን ይከሽፋል? ትኩረትንና ሐሳብን አስተካክሎ ሙከራውን በቤት ለመሥራት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የጎማ እጅ ሙከራ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። የራስን እጅ ከመከለያ ጀርባ ደብቆ፣ ሰው ሠራሽ እጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በብሩሽ እያስዳበሱ «ይህ የጎማ እጅ የእኔ ነው» የሚለው ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። በተግባር ግን ብዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክረው «ምንም አልተሰማኝም» ብለው ይተዉታል። ጥፋቱንም አብዛኛውን ጊዜ በጎማው እጅ ላይ ይጥላሉ፤ እውነተኛ አይመስልም፣ ቀለሙ ከቆዳዬ ጋር አይገጥምም ይላሉ። እኔ ግን ሙከራውን ለሌሎች ስሠራ ካጋጠሙኝ ክሽፈቶች መካከል ከእጁ መልክ የመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዙት የተሞካሪው ትኩረት የት እንደዋለ ባለመጠበቁና ሙከራው ሳይጀመር በአእምሮው ምን ሐሳብ እንደተዘራ ባለመታሰቡ የመጡ ናቸው። ይህ መመሪያም የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ከደረጃዎቹ በፊት አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። አእምሮ እጃችን የት እንዳለ የሚያውቀው ከዓይን፣ ከቆዳ፣ እንዲሁም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣለትን መረጃ አገናኝቶ ነው። ቦታን በመለየት ረገድ ዓይን ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የበለጠ ትክክለኛ ስለሆነ፣ በዓይን የታየው ንክኪና በቆዳ የተሰማው ንክኪ በአንድ ቅጽበት ሲደጋገሙ አእምሮ ምንጫቸው አንድ ነው ብሎ ይደመድማል፤ የዓይንንም ቃል ያጸናል። ይህ ድምዳሜ ከእኛ ፈቃድ ውጭ የሚካሄድ ነው። በመሆኑም እጁ ጎማ መሆኑን ማወቅ ሙከራውን አያከሽፈውም፤ ጫፋቸው ላይ ባሉት የቀስት ምልክቶች ምክንያት የተበላለጡ መስለው የሚታዩ ሁለት እኩል መስመሮች፣ በማስመሪያ ከተለኩ በኋላም የተበላለጡ መስለው እንደሚታዩት ሁሉ።

ደረጃ 1፦ ሰው መምረጥ

ሙከራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሞካሪ ሆኖ ይዳብሳል፤ ሌላው ተሞካሪ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ በታች «እርስዎ» የምለው ሞካሪውን ነው።

የሚከተሉት ሰዎች ተሞካሪ እንዳይሆኑ ያድርጉ፦ ከገዛ አካላቸው ወይም ከአካባቢያቸው የተለዩ የመምሰል ስሜት የሚያስቸግራቸው፣ የሌለ ነገር የማየት ወይም የመስማት ሕመም ያለባቸው ወይም የነበረባቸው፣ በስትሮክ ምክንያት አንዱን የአካላቸውን ጎን በአግባቡ የማይሰማቸው፣ እንዲሁም በእጃቸው ላይ ቁስል ወይም የመደንዘዝ ችግር ያለባቸው ሰዎች። ለጤነኛ ሰው ሙከራው አያምም፤ ሆኖም ስሜቱ አንዳንዱን ያስደነግጣል። ስለዚህ «ይቁም» የሚለው ቃል ሲነገር ያለ ምንም ጥያቄ ብሩሾቹን እንደሚያነሡ አስቀድመው ይንገሩት።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ማዘጋጀት

የሚያስፈልጉት የጎማ ጓንት፣ ጥጥ ወይም ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ለስላሳ የቀለም ብሩሾች፣ በራሱ የሚቆም ካርቶን፣ ትልቅ ጨርቅ፣ ማስመሪያ፣ የወረቀት ፕላስተርና ሰዓት ናቸው።

ጓንቱን ሲሞሉ ከጣቶቹ ይጀምሩ። ጥጡን በጥቂት በጥቂቱ እያደረጉ በእርሳስ ጀርባ ወደ ጣቶቹ ጫፍ ይግፉ፤ መዳፉን በመጨረሻ ይሙሉ። ጓንቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደ ፊኛ ከተወጠረ ጣቶቹ ተለያይተው ይቆማሉ፤ የሚፈለገው ግን ጠረጴዛ ላይ ዘና ብሎ የተዘረጋ እጅ ነው። የቆዳ ቀለም እንዲመሳሰል አይጨነቁ። በአንጻሩ የግራ እጅ ሲደበቅ የሚቀመጠው የግራ እጅ ጓንት መሆን አለበት፤ አውራ ጣቱ በተሳሳተ ጎን ከዋለ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አለቀ። ተመራማሪዎቹ ማኖስ ጻኪሪስና ፓትሪክ ሃጋርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ የጎማው እጅ አቀማመጥ ከእውነተኛው እጅ ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ወይም በጎማው እጅ ፋንታ ተራ የእንጨት ዘንግ ሲቀመጥ፣ ውጤቱ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። አእምሮ እጅ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነና ከአካል ጋር እንዴት እንደሚገጥም አስቀድሞ የያዘው ሥዕል አለው፤ ንክኪው የቱንም ያህል ቢገጣጠም ያንን ሥዕል የሚጥስ ነገር አይቀበልም።

ደረጃ 3፦ አቀማመጥ

1. ተሞካሪው ሁለት ክንዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና አምባር ይውለቅ።

2. ግራ እጁን መዳፉን ወደ ታች አድርጎ በትከሻው አንጻር ያስቀምጥ። ካርቶኑን ከዚህ እጅ በስተቀኝ አቁመው ተሞካሪው እጁን ማየት እንዳይችል ያድርጉ።

3. የጎማውን እጅ ከካርቶኑ በስተቀኝ፣ ወደ ተሞካሪው ደረት መሐል አቅርበው ያስቀምጡ። የሁለቱ ጠቋሚ ጣቶች ርቀት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ርቀቱ ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ሲያልፍ ስሜቱ በግልጽ ይዳከማል። የሁለቱም እጆች ጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ።

4. ጨርቁን ከተሞካሪው ግራ ትከሻ ጀምረው እስከ ጎማው እጅ አንጓ ድረስ ያልብሱ። የጓንቱ አፍ ፈጽሞ መታየት የለበትም። ከተሞካሪው ዓይን ሲታይ ከትከሻው የወጣ ክንድ በጨርቁ ሥር አልፎ ከጎማው እጅ ጋር የሚገናኝ መምሰል አለበት።

5. አሁን ተሞካሪውን አስነሥተው በእሱ ወንበር ላይ ራስዎ ይቀመጡና ይመልከቱ። ይህን ቁጥር ብዙዎች ይዘሉታል። ሞካሪው ከተቀመጠበት በኩል ደህና የሚመስለው ጨርቅ ከተሞካሪው በኩል ሲታይ የተቆረጠ ክንድ ሊያጋልጥ ይችላል፤ የካርቶኑም ጠርዝ የእውነተኛውን እጅ አውራ ጣት ሊያሳይ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የብሩሽ ልምምድ

ሁለቱን ብሩሾች በሁለት እጅዎ ይያዙ። ተሞካሪው ሳይኖር ሁለት ጓንቶች ወይም ሁለት እርሳሶች አስቀምጠው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይለማመዱ። ከጣቱ መነሻ አንጓ ጀምረው እስከ ጥፍሩ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ይዳብሱ፤ ብሩሹን ያንሡና እንደገና ከመነሻው ይጀምሩ። ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ የእጅ ጀርባ ቆዳ ለስላሳ ንክኪን የሚያስተላልፉ ልዩ ነርቮች አሉት፤ እነዚህ ነርቮች በደንብ የሚነቁት በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚጓዝ ንክኪ ነው።

ሦስት ነገሮች በሁለቱም እጆች ላይ አንድ መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ በሚታየውና በሚሰማው ንክኪ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሦስት መቶ ሚሊ ሰከንድ ሲጠጋ፣ ማለትም የሰከንድ ሲሶ እንኳ ሳይሞላ፣ ስሜቱ ይበተናል። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ የጎማው እጅ የመሐል ጣት ሲነካ የእውነተኛው እጅም የመሐል ጣት ይነካ። ሦስተኛው አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ብሩሽ ወደ ጥፍር ሌላው ወደ አንጓ መሄድ የለበትም።

እኔ ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት በመጀመሪያው ነው። ቀኝ እጄ ሁልጊዜ ከግራዬ በትንሹ ይቀድም ነበር፤ ራሴ አላየሁትም። ስልክ አቁሜ እጆቼን በቪዲዮ ቀርጬ አዝግሜ ስመለከት ነው የጎማውን እጅ የሚዳብሰው ብሩሽ ጥፍር ላይ ሲደርስ ሌላኛው ገና መካከለኛው አንጓ ላይ እንደነበር ያወቅሁት። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። መዘግየት ካዩ ፍጥነትዎን ይቀንሱ እንጂ አንዱን እጅ ለማስቸኮል አይሞክሩ።

በጉዞዎቹ መካከል ያለው ዕረፍት ያልተስተካከለ ይሁን፤ አንዴ ግማሽ ሰከንድ፣ አንዴ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ጣቱንም ይለዋውጡ። ንክኪው እንደ ሰዓት ምት ከተስተካከለ ተሞካሪው ሳያይ መተንበይ ይጀምራል፤ ትኩረቱም ይላላል። ያልተጠበቀ ንክኪ ግን በሁለቱም ቦታዎች በአንድ ቅጽበት ሲከሰት በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል ለአእምሮ ማስረጃ ይሆነዋል።

ደረጃ 5፦ የሚነገረውንና የማይነገረውን መለየት

ይህ ደረጃ ዕቃ አይፈልግም፤ ነገር ግን ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ተሞካሪውን «አሁን የጎማው እጅ የራስህ ይመስልሃል» ብለው ካስጀመሩት፣ በኋላ «መሰለኝ» ማለቱ ከምን እንደመጣ መለየት አይችሉም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ለሽ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተማቸው ሥራዎች ይህንን ችግር አጥብቆ አንሥቷል። የሙከራው አሠራር ብቻ የተነገራቸው ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ቀድመው በትክክል ይገምታሉ፤ ከሐሳብ ተነሥተው ስሜትን በራሳቸው ውስጥ መፍጠር የሚቀናቸው ሰዎችም በዚህ ሙከራ ከፍ ያለ ስሜት ይዘግባሉ። ይህ ማለት ተሞካሪዎቹ ይዋሻሉ ማለት አይደለም፤ አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ መጠበቅ በራሱ ስሜቱን ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ሊደረግበትና ሊመዘን ይገባል።

ስለዚህ ለተሞካሪው የሚከተለውን ብቻ ይንገሩት፦ «ዓይንዎን ከዚህ እጅ ላይ አይንቀሉ። ብሩሹ የሚነካበትን ቦታ ይከተሉ። እጅዎን አያንቀሳቅሱ፤ አይናገሩ። የሚሰማዎትን ለማስገደድም ለመከላከልም አይሞክሩ። ሲያበቃ አንዳንድ ነገሮች እጠይቅዎታለሁ፤ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም።»

ተሞካሪው «ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ሲያልቅ እነግርዎታለሁ» ይበሉት። አስቀድሞ ያነበበ ወይም ያየ ከሆነ ደግሞ አያባርሩት፤ ግምቱን በወረቀት ጽፎ እንዲያጥፍና እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። ያ ወረቀት በደረጃ 10 ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ መነሻውን መለካት

ተሞካሪው ዓይኑን ይጨፍን። ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቶ በጠቋሚ ጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ከሥር እየነካ ይጓዝ፤ የተደበቀው የግራ ጠቋሚ ጣቱ ትክክለኛ አንጻር የደረሰ ሲመስለው ይቁም። እርስዎ ቀድመው ጠርዙ ላይ በለጠፉት የወረቀት ፕላስተር ላይ ቦታውን ምልክት ያድርጉ። ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ መነሻውን በየጊዜው ይቀይሩ፤ አማካዩን ይያዙ። ምልክቶቹ ጨርሰው የተራራቁ ከሆኑ ተሞካሪው ቸኩሏል ማለት ነውና ዘና ብሎ እንደገና ይሞክር።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ዙር

1. ዓይኑን ይክፈት። ብሩሽ ሳይነካ 20 ሰከንድ የጎማውን እጅ ዝም ብሎ ይመልከት።

2. መዳበስ ይጀምሩ፤ ለሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ተመራማሪው ሄንሪክ ኤርሶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ስሜቱ ሲጀምር በአማካይ 11 ሰከንድ ገደማ ወስዶ ነበር፤ በቤት ሲሠራ ግን የብዙ ሰው ትኩረት እስኪረጋ ረዘም ይላል።

3. የተሞካሪውን ዓይን ይጠብቁ። ወደ ካርቶኑ፣ ወደ እርስዎ ፊት ወይም ወደ ብሩሹ እጀታ ከዞረ በለሆሳስ «እጁን» ይበሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ።

4. ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ብሩሾቹን ያንሡ፤ ተሞካሪው ወዲያውኑ ዓይኑን ጨፍኖ የደረጃ 6ን ልኬት ይድገም። የተደበቀውን እጁን ካንቀሳቀሰ ልኬቱ ዋጋ የለውም፤ ዙሩን እንደገና ይጀምሩ።

5. ከዚያ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አንብበውለት ለእያንዳንዱ ከ−3 (ፈጽሞ አይደለም) እስከ +3 (በጣም ነው) ቁጥር ይስጥ።
ሀ) ንክኪው የጎማው እጅ በተነካበት ቦታ ላይ ተሰማኝ።
ለ) የጎማው እጅ የእኔ የሆነ ያህል ተሰማኝ።
ሐ) ሁለት ግራ እጅ ያለኝ መሰለኝ።
መ) የእኔ እጅ ወደ ጎማነት የተለወጠ መሰለኝ።

«ሐ» እና «መ» ማጣሪያዎች ናቸው። ስሜቱ በእርግጥ የመጣለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሀ»ን እና «ለ»ን ከፍ አድርጎ «ሐ»ን እና «መ»ን ዝቅ ያደርጋል፤ ለአራቱም +3 የሰጠ ሰው እርስዎን ለማስደሰት እየመለሰ ሊሆን ይችላል። ይህን በፊቱ አይንገሩት።

ምንም ካልመጣ

መጀመሪያ ብሩሽዎን ይጠርጥሩ፤ ወደ ደረጃ 4 ተመልሰው ቪዲዮውን ይዩ። ቀጥሎ ተሞካሪው ጉዳዩን በሐሳቡ ሲሟገት እንደነበር ይጠይቁት። «ጎማ መሆኑን እያወቅሁ እንዴት ይሰማኛል እያልኩ ነበር» ካለ እውቀቱን እንዲክድ አይጠይቁት፤ ምክንያቱም አይችልም፣ አያስፈልግምም። ይልቁን ሥራ ይስጡት፦ እያንዳንዱ ንክኪ በየትኛው ጣት ላይ እንደጀመረና የት ላይ እንዳበቃ በልቡ ይከተል። ይህን ሲያደርግ ትኩረቱ ከክርክሩ ወደ ንክኪው ይመለሳል። አንድ ወዳጄ ሁለት ጊዜ ከሽፎበት በሦስተኛው በዚህ መንገድ ሲሞክር፣ ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ፤ የተደበቀው እጁ ጣቶች ግን ንቅንቅ አላሉም። በኋላ እንደነገረኝ ንክኪው «ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ላይ የተቀመጠ» ያህል ነበር።

ሌላው አማራጭ ዓይንን ጨርሶ የማይጠቀም ነው፤ ኤርሶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመውታል። እዚህ የሚነካው የቀኝ እጁ ስለሆነ የቀኝ እጅ ጓንት ያስቀምጡ፤ የተሞካሪውን ዓይን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ የግራ ጠቋሚ ጣቱን እርስዎ ይዘው የጎማውን እጅ አንጓ እንዲነካ ያድርጉ፤ በዚያው ቅጽበት በሌላው እጅዎ የእውነተኛ ቀኝ እጁን ተመሳሳይ አንጓ ይንኩ። ሲደጋገም ብዙ ሰው የራሱን እጅ በራሱ ጣት እየነካ ይመስለዋል። ዓይኑ ለሚባዝንበት ሰው ይህ ከመጀመሪያው ዘዴ የተሻለ ይሆናል።

ሁሉም ተስተካክሎ፣ ሁለቱም መንገዶች ተሞክረው ምንም ካልመጣ ያቁሙ። ስሜቱ በፍጹም የማይመጣላቸው ጤነኛ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ይህም ጉድለት አይደለም።

ደረጃ 8፦ ማነጻጸሪያው ዙር

ሁለት ደቂቃ ይረፉ፤ ተሞካሪው እጁን አውጥቶ ያፍታታ። ከዚያ ሁሉንም ነገር እንዳለ አድርገው ብሩሾቹን ብቻ ያዛንፉ፦ መጀመሪያ የጎማውን እጅ፣ ከአንድ ሰከንድ ገደማ በኋላ እውነተኛውን ይዳብሱ። ልኬቱንና ጥያቄዎቹን ይድገሙ። የ«ሀ» እና የ«ለ» ቁጥር ከመጀመሪያው ዙር በግልጽ ካልወረደ፣ የመጀመሪያው ውጤት ከንክኪው መገጣጠም መጣ ለማለት አይችሉም። የቦታው ልኬት ግን በዚህ ዙርም በመጠኑ ወደ ጎማው እጅ ሊያዘነብል ይችላል፤ እጁን ማየት ብቻውን ጥቂት ይስበዋልና። የቦታ መሳብና የባለቤትነት ስሜት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ አንዱን በሌላው ፋንታ አይጻፉ።

ደረጃ 9፦ ትኩረትን ማንቀሳቀስ

አሁን ብሩሾቹ ሁልጊዜ ይገጣጠሙ፤ የሚቀየረው ትኩረቱ ብቻ ነው። በየዙሩ መካከል ሁለት ደቂቃ ማረፍን አይርሱ።

*ዙር አንድ።* ተሞካሪው ዓይኑን ከጎማው እጅ ሳይነቅል ከ300 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ በልቡ ይቁጠር፤ ሲያበቃ የደረሰበትን ቁጥር ይንገርዎ። ቁጥሩ ካልተነገረ መቁጠሩን አያውቁምና አይዝለሉት።

*ዙር ሁለት።* ዓይኑ በጎማው እጅ ላይ ይሁን፤ ሐሳቡ ግን በተደበቀው እጁ ላይ ይዋል። የመዳፉን ክብደት፣ ጠረጴዛው ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ የሚለውን፣ የክንዱን መታጠፍ ያስተውል።

*ዙር ሦስት።* በደረጃ 7 እንዳደረገው ንክኪውን ብቻ ይከተል።

እኔ በሠራኋቸው ጊዜያት ስሜቱን አብዝቶ ያዳከመው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም የሚገባኝ ይመስለኛል፤ ትኩረት የተሰጠው መረጃ በአእምሮ ዘንድ ሚዛኑ ስለሚከብድ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ድምፅ ሲጎላ የዓይንን ቃል ይቃወማል። የመቁጠሩ ውጤት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱን ሲያዘናጋው ሌላውን ከሙግቱ ገላግሎት ስሜቱን ያቀልለታል። ስለዚህ የአንድ ሰው ውጤት ይዘው ሕግ አያውጡ። የዙሮቹንም ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ሰው ይቀይሩ፤ ካልቀየሩ መጨረሻ ላይ ያለው ዙር ሁልጊዜ በድካምና በመሰልቸት ይዋጣል።

ደረጃ 10፦ ሐሳብን ማንቀሳቀስ

እዚህ ላይ ተሞካሪው አዲስ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ለአንዱ «ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ለየት ያለ ነገር ይሰማዋል» ይበሉት፤ ለሌላው ምንም አይበሉት፤ ውጤታቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በደረጃ 5 ግምቱን ጽፎ ያጠፈ ሰው ካለ ወረቀቱን አሁን ይክፈቱ። ግምቱና መልሶቹ አንድ ከሆኑ፣ በተለይም የማነጻጸሪያውን ዙር ቁጥር ጨምሮ አንድ ከሆኑ፣ የእሱን ውጤት ለብቻ አድርገው በጥንቃቄ ያንብቡት።

ሌላም መንገድ አለ። ስሜቱ ከጸና በኋላ በጎማው እጅ ላይ ያለውን ብሩሽ ወደ ጣቱ በዝግታ ያቅርቡና ከመንካቱ በፊት ጥቂት ሴንቲሜትር ሲቀር ያቁሙት፤ እውነተኛው እጅ ምንም አይነካ። አንዳንድ ሰው መኮርኮር የመሰለ ነገር በቆዳው ላይ ይሰማዋል። የሚመጣውን ንክኪ መጠበቅ ብቻውን ይህን ያህል እንደሚሠራ በቅርብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የጎማውን እጅ በመዶሻ መምታት ወይም ቢላ ማቅረብ አይፈቀድ። ይህ ነገር በቪዲዮ ስለተለመደ ብዙዎች የሙከራው መደምደሚያ አድርገው ይወስዱታል። የጎማው እጅ ሲጠቃ ሰውነት እንደ ገዛ አካሉ ስለሚደነግጥ፣ ተሞካሪው እጁን በኃይል ሲነጥቅ ከካርቶኑ፣ ከጠረጴዛው ወይም ከመሣሪያው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከዚያም በላይ አምኖ የተቀመጠን ሰው ማስደንገጥ ለሚቀጥለው ዙር ትኩረቱን ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሩሹን ሳይሆን እርስዎን ነው የሚጠብቀው።

ደረጃ 11፦ እጁን መመለስ

ካርቶኑን ያንሡና ተሞካሪው ሁለቱንም እጆች በአንድ ላይ ይይ። ጨርቁ ይገፈፍ። የእውነተኛ እጁን ጣቶች እያየ አንድ በአንድ ያንቀሳቅስ፤ ከዚያ በሌላኛው እጁ ይሹት። መንቀሳቀስ ስሜቱን ወዲያው ያፈርሰዋል፤ የጎማው እጅ ትእዛዝ አይቀበልምና። የእንግድነት ስሜት ጥቂት ደቂቃ ከቆየበት ተነሥቶ ይራመድ፣ እጁን ይታጠብ፤ ቀጣይ ዙር በዚያ ቀን አይሥሩ። ስሜቱ እስከ ማግሥቱ ከቀጠለ ሐኪም ያነጋግር።

የደበቁትን ሁሉ አሁን ይንገሩት፦ ለምን ብሩሾቹ እንደተዛነፉ፣ ለምን ቁጥር እንዳስቆጠሩት። ተራው የእርስዎ እንዲሆን ከፈለጉ ግን ብሩሾቹን ወዲያው አያቀብሉት፤ እሱም መጀመሪያ በደረጃ 4 ያለውን ልምምድ ይሥራና እጆቹን ቀርጾ ይመልከት።